ከኮራሉ በፊት ወለሉ

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት አክስቴ ሜሪላንድ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ካለው የጨው ውኃ ገንዳ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩ፡፡ ዓሦቹን ወደዷቸው፡፡ ኮራሎቹን "አበቦቹ" እያሉ አደነቁ፡፡ የገንዳው ድንጋይና አሸዋ ብቻ ስንት እንደፈጀ ሲሰሙ ግን ፊታቸው ተለወጠ፡፡ "ልጄ፣ ለዓሣውስ ይሁን፤ ለድንጋይና ለአሸዋም ገንዘብ ይወጣል?" አሉኝ፡፡ "እትዬ፣ ዋናውን ሥራ የሚሠራው እኮ እሱ ነው" ብዬ መለስኩላቸው፡፡ አላመኑኝም፡፡

አልፈርድባቸውም፡፡ እኔም የመጀመሪያውን ገንዳ ስገዛ አላምንም ነበር፡፡ በጊዜው ስለ መብራቱ፣ ስለ ፓምፑና ስለ ማጣሪያው ሳምንታት ሙሉ ሳነብ ከርሜ ስለ ወለሉ አምስት ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም፡፡ አንድ ሻጭ ያመለከተኝን፣ ምስርና አተር የሚያህል የተፈጨ የኮራል ስብርባሪ ተሸክሜ መጣሁና ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጌ አነጠፍኩት፡፡ ገንዳው ለስምንት ወራት አማረበት፡፡ ከዚያ ግን ኮራሎቹ ቀለማቸው እየጠቆረ፣ መስተዋቱ በአረንጓዴ አልጌ እየተሸፈነ መጣ፡፡ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወለሉን ላጸዳ ብዬ በእጄ ሳገላብጠው ከሥሩ ጥቁር ውኃ ተነሳና ቤቱን የተበላሸ እንቁላል ሽታ ሞላው፡፡ በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ዓሦችና አራት ኮራሎች ሞተው አገኘሁ፡፡

ከዚያን ቀን ወዲህ በገልፍ አገሮችም ሆነ እዚህ አሜሪካ የሚኖሩ ወዳጆቼ "ኮራል ማሳደግ አምሮኛል፤ ከምን ልጀምር?" ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው፡፡ ከወለሉ ጀምሩ እላለሁ፡፡ መብራት ቢያንስ ይጨመራል፤ ፓምፕ ቢበላሽ ይለወጣል፡፡ ገንዳው ሞልቶ ኮራሎቹ ከተተከሉ በኋላ ወለል መቀየር ግን ሰው እየኖረበት የቤትን መሠረት እንደመቀየር ነው፡፡

ነገሩን ቀላል የማያደርገው ሌላም ምክንያት አለ፡፡ የኮራል ዐለቶች በዓለም ዙሪያ በባሕር ሙቀት እየተጎዱ ናቸው፡፡ የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር (ኖአ) እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱን አረጋግጧል፡፡ በዚህ ጊዜ ኮራል ገዝቶ ባለማወቅ መግደል እንደ ቀላል ጥፋት የሚታይ አይመስለኝም፡፡

ኮራል በምን ላይ ይኖራል?

ኮራል አክስቴ እንዳሉት አበባ ሳይሆን እንስሳ ነው፡፡ ፖሊፕ የሚባሉ፣ አንድ አፍና በዙሪያው ጣት መሰል መያዣዎች ያሏቸው ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት ማኅበር ነው ማለት ይቻላል፡፡ በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፡፡ አልጌዎቹ በብርሃን ኃይል ስኳር ሠርተው ለአስተናጋጃቸው ያካፍላሉ፡፡ ጠንካራ ኮራሎች የሚባሉት ደግሞ ከባሕር ውኃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ አጽም ይገነባሉ፡፡ ታላላቆቹ የኮራል ዐለቶች የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው፡፡

የኮራል ዕጭ በውኃ ውስጥ እየዋኘ ከቆየ በኋላ የሚያርፍበት ጠንካራ ነገር ይፈልጋል፡፡ ብዙዎቹ ዝርያዎች ድንጋይን እንደ ቀለም ለብሶ የሚያድገውን ሐምራዊ አልጌ እንደ ምልክት ይጠቀሙበታል፡፡ ያ አልጌ ያለበት ቦታ ለኑሮ የተመቸ ነው ማለት ነው፡፡ አንዴ ከተጣበቀ በኋላ አብዛኛው ኮራል ቦታ አይለውጥም፡፡ ዕድሜውን በሙሉ የሚወስነው ያች አንዲት ምርጫ ናት፡፡ በቤት ገንዳ ውስጥ ምርጫውን የምናደርግለት እኛ ነን፡፡

ይሁን እንጂ ሁሉም ኮራል ድንጋይ አይፈልግም፡፡ ፈንጂያ የሚባለው ሳህን መሰል ኮራል ካደገ በኋላ ከተጣበቀበት ተላቅቆ በአሸዋ ላይ ይኖራል፡፡ ትራኪፊሊያና ካታላፊሊያ የተባሉት ዝርያዎችም መኖሪያቸው ለስላሳ ወለል ነው፡፡ ሄተሮሳሚያ የሚባል ትንሽ ኮራል ደግሞ ከሥሩ አንድ ትል አስጠግቶ ይኖራል፡፡ ትሉ መጠለያ ሲያገኝ ኮራሉን በአሸዋው ላይ እየጎተተ ከመቀበር ያድነዋል፡፡ ስለዚህ "ለኮራል ጥሩ ወለል የቱ ነው?" ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም፡፡ "ለየትኛው ኮራል?" ተብሎ መጠየቅ አለበት፡፡

የማይታዩት ሠራተኞች

ወለሉ ከመቆሚያነት ሌላ ትልቅ ሥራ አለው፡፡ በገንዳ ውስጥ ዓሣ ይበላል፣ ይጸዳዳል፤ የተረፈ ምግብም ይበሰብሳል፡፡ ከዚህ ሁሉ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል፡፡ በባሕር ውስጥ የውኃው ብዛት ያቀለዋል፤ በ200 ሊትር ገንዳ ውስጥ ግን የሚያድነን ባክቴሪያ ብቻ ነው፡፡ አንደኛው ቡድን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፡፡ ሁለተኛው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ያደርሰዋል፡፡ ናይትሬት ከሁለቱ የተሻለ ቢሆንም እየተከማቸ ሲሄድ አልጌ ያበዛል፣ ኮራልንም ያጎሳቁላል፡፡

ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ቡድኖች ኦክስጅን ይፈልጋሉ፡፡ በድንጋዩና በአሸዋው ገጽ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩትም ለዚህ ነው፡፡ ናይትሬትን ሰብሮ ናይትሮጅን ጋዝ አድርጎ ወደ አየር የሚሸኘው ሦስተኛው ቡድን ግን ሥራውን የሚያከናውነው ኦክስጅን ባነሰበት ጨለማ ቦታ፣ ማለትም ቀዳዳ በበዛበት ድንጋይ ሆድ ውስጥና ጥልቅ በሆነ አሸዋ ሥር ነው፡፡

ይህን እውቀት ለቤት ገንዳ ካበቁት ሰዎች አንዱ በኢንዶኔዥያ ጃካርታ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ጽሑፍ ከባሕር በወጣ ሕያው ድንጋይና በአየር አረፋ ብቻ፣ ያለ ውስብስብ ማጣሪያ የባሕር እንስሳትን ማኖር እንደሚቻል አስረዳ፡፡ ኋላ ላይ በጀርመን በርሊን የነበሩ አሳዳጊዎች በሕያው ድንጋዩ ላይ ቆሻሻን በአረፋ የሚለይ መሣሪያ (ፕሮቲን ስኪመር) ጨመሩበት፡፡ በ1980ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ዣን ዦበር በሞናኮ ሥራውን በአሸዋ ላይ አደረገ፡፡ ከጥልቅ አሸዋው ሥር ባዶ የውኃ ክፍተት እየተወ ናይትሬትን የሚያጠፋ ወለል ሠራ፡፡ በዚሁ ዘዴ በሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ታላቅ ገንዳ ውስጥ እንዲያድጉ የተደረጉት ኮራሎች የመጡት ከጎረቤታችን ከጂቡቲ ባሕር ነበር፡፡

የእኔን ጥፋት በዚህ ዓይን ስናየው ግልጽ ይሆናል፡፡ ያነጠፍኩት ስብርባሪ ትልልቅ በመሆኑ የዓሣው ምግብ በፍሬዎቹ መካከል እየሾለከ ወደ ሥር ገባ፡፡ እዚያ የሚደርስለት ትልም ሆነ ቀንድ አውጣ አልነበረም፡፡ ለወራት በሰበሰ፡፡ ኦክስጅን ባለቀበት ቦታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው፣ በተበላሸ እንቁላል ሽታው የሚታወቀው መርዛማ ጋዝ ተጠራቀመ፡፡ እኔ ሳገላብጠው መርዙና የታመቀው ቆሻሻ በአንድ ጊዜ ወደ ውኃው ተለቀቀ፡፡

አሸዋ ሁሉ አሸዋ አይደለም

በኮራል አካባቢ የሚገኘው ነጭ አሸዋ ባብዛኛው ከሕያዋን ፍጡራን የተገኘ ነው፡፡ የኮራል፣ የዛጎልና ኖራ የሚሠሩ አልጌዎች ስብርባሪ ነው፡፡ ከፊሉን የሚያመርተው አፉ የበቀቀን ምንቃር በመምሰሉ በዚያው ስም የሚጠራው ፓሮትፊሽ ነው፡፡ ይህ ዓሣ አልጌውን ለመብላት ድንጋዩን ጭምር እየቆረጠመ፣ ፈጭቶ በአሸዋ መልክ ያወጣዋል፡፡ ለገንዳ የሚሸጠው ተመራጭ አሸዋም ከዚሁ ነገር የተሠራ ነው፡፡ አራጎናይት የሚባለው የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ሲሆን የጠንካራ ኮራሎች አጽም የተሠራውም ከእሱው ነው፡፡

እዚህ ላይ አንድ የሻጮች ማጋነን ማረም ያስፈልጋል፡፡ "አራጎናይት ስለሚሟሟ ካልሲየሙን እሱ ይሸፍንላችኋል" ይባላል፡፡ የገንዳው ውኃ ፒኤች እንደሚፈለገው 8 እና ከዚያ በላይ እስከሆነ ድረስ አሸዋው እዚህ ግባ የሚባል አይሟሟም፡፡ ኮራል የሚበላውን ካልሲየምና አልካሊኒቲ እየለኩ መተካት የአሳዳጊው ሥራ ነው፡፡ የአራጎናይት ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ባዕድ ነገር ወደ ውኃው አይጨምርም፣ ለባክቴሪያና ለትሎች ይመቻል፣ ብርሃንም ያንፀባርቃል፡፡

ከሲሊካ የተሠራው ተራ አሸዋስ? ንጹሕ ኳርትዝ በጨው ውኃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በዝግታ ስለሆነ እንደሚወራው ገዳይ አይደለም፡፡ ችግሩ ለግንባታ የሚሸጥ አሸዋ ንጹሕ ኳርትዝ አለመሆኑ ነው፡፡ አፈር፣ ብረት አዘል ማዕድንና ምንጩ ያልታወቀ ነገር ይቀላቀልበታል፡፡ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ እሳተ ገሞራ ወለድ አሸዋ ወይም ለመንገድ የሚውለው ቀይ ስኮሪያ መልኩ ቢያምርም ለኮራል ገንዳ አልመክረውም፡፡

ያገኛችሁትን አሸዋ ወይም ድንጋይ ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል፡፡ ጥቂት ፍሬ በብርጭቆ አድርጋችሁ አቼቶ አፍስሱበት፡፡ ካርቦኔት ከሆነ አረፋ እያወጣ ይንጫጫል፤ ሲሊካ ወይም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከሆነ ዝም ይላል፡፡ ቀጥሎ ጠንከር ያለ ማግኔት አስጠጉለት፡፡ ማግኔቱ ላይ የሚለጠፍ ፍሬ ካለ ብረት አለበትና ይቅርባችሁ፡፡ ሦስተኛውን ፈተና ግን በዓይንም በአቼቶም ማለፍ አይቻልም፡፡ ያገለገለ አሸዋና ድንጋይ ከሰው ስትገዙ ገንዳው በመዳብ መድኃኒት ታክሞ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ፡፡ መዳብ የዓሣ ጥገኛ ተውሳክን ይፈውሳል፤ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ቀስ እያለ ሲወጣ ግን ኮራልንና ቀንድ አውጣን ይገድላል፡፡

የፍሬው መጠንና የንጣፉ ጥልቀት

የአሸዋ ፍሬ መጠን ከዓይነቱ ያልተናነሰ ነገር ነው፡፡ እንደ ዱቄት የላመው፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች የሆነው አሸዋ ለትሎችና ለሌሎች ጥቃቅን ነዋሪዎች እጅግ ይመቻል፤ ቆሻሻም ወደ ውስጥ አያሰርግም፡፡ ነገር ግን ፓምፑ በርታ ሲል እየተነሳ ኮራሎቹን ያለብሳቸዋል፡፡ ምስርና አተር የሚያክለው በንፋስም በውኃም አይነቃነቅም፤ ጉዱ ግን ከላይ የነገርኳችሁ ነው፡፡ ለአብዛኛው የቤት ገንዳ የሚስማማው በሁለቱ መካከል ያለው፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው፡፡

ወደ ጥልቀቱ ስንመጣ ሁለት ጤናማ መንገዶች አሉ፡፡ አንደኛው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስስ ንጣፍ ነው፡፡ ኦክስጅን እስከ ሥሩ ይደርሳል፤ በየጊዜው በቱቦ እየሳቡ ማጽዳት ይቻላል፤ ናይትሬትን የማጥፋቱ ሥራ ግን ለድንጋዩ ይተዋል፡፡ ሁለተኛው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥልቅ ንጣፍ ሲሆን የላመ አሸዋ፣ በውስጡም ብዙ ትልና ቀንድ አውጣ ይፈልጋል፡፡ ናይትሬትን ራሱ ይሠራበታል፤ ከተመሠረተ በኋላ ግን ከነጭራሹ መገላበጥ የለበትም፡፡ በመካከሉ ያለው፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ንጣፍ ከሁለቱም ጥቅም የማያገኝ በመሆኑ ብዙ ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች ይሸሹታል፡፡ የእኔ ሰባት ሴንቲ ሜትር እዚያው መሃል ነበረች፡፡

ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልግ ማስላት ቀላል ነው፡፡ የገንዳውን ርዝመት በወርዱና በሚፈለገው ጥልቀት በሴንቲ ሜትር አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ሊትሩን ይሰጣል፡፡ አንድ ሊትር ደረቅ የአራጎናይት አሸዋ ወደ 1.5 ኪሎ ይመዝናል፡፡ ለምሳሌ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 45 ሴንቲ ሜትር ወርድ ላለው ገንዳ 3 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ ወደ 12 ሊትር፣ ማለትም 18 ኪሎ ገደማ ነው፡፡ በዚያው ገንዳ ውስጥ 12 ሴንቲ ሜትር እናንጥፍ ካልን ወደ 73 ኪሎ ይደርሳል፡፡ ውኃው ብቻ ሁለት መቶ ኪሎ በሚጠጋበት ገንዳ ላይ ይህ ሲጨመር ለኮንዶሚኒየምና ለአፓርትመንት ነዋሪ የሚያሳስብ ክብደት ነው፡፡ ጥልቅ ንጣፍ ከገንዳው ቁመት ላይ የሚወስደውን ቦታም መርሳት አይገባም፡፡

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ጭራሽ አሸዋ አለማንጠፍ፡፡ አክሮፖራና መሰሎቹን፣ ብርቱ የውኃ ፍሰት የሚፈልጉትን ኮራሎች የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች ባዶውን መስተዋት ይመርጣሉ፡፡ ፓምፑን እንደልብ መክፈት ይቻላል፤ ቆሻሻም ተጠራቅሞ የሚታይበት ቦታ ስለሚኖር በቀላሉ ይሳባል፡፡ ነገር ግን ያ ወለል ለባክቴሪያ የሚሰጠው ቤት ትንሽ በመሆኑ ሸክሙ ሁሉ ወደ ድንጋዩና ወደ ማጣሪያው ይዞራል፡፡ በአሸዋ ላይ የሚኖሩ ኮራሎችና አሸዋ ውስጥ ተቀብረው የሚያድሩ ዓሦችም በዚያ ገንዳ ቦታ የላቸውም፡፡

ድንጋዩስ ከየት ይምጣ?

በገበያ ላይ ያለው ድንጋይ በሦስት ይከፈላል፡፡ የመጀመሪያው ከባሕር የወጣ ሕያው ድንጋይ ነው፡፡ ባክቴሪያው፣ ሐምራዊ አልጌው፣ ትሉና ስፖንጁ አብሮት ስለሚመጣ ገንዳው ቶሎ ይበስላል፡፡ ግን ያልተጋበዘ እንግዳም ይዞ ይመጣል፡፡ አይፕቴዢያ የሚባለውና ኮራል እየነደፈ እንደ አረም የሚባዛው እንስሳ አንዱ ነው፡፡ ከሁሉ በላይ ግን ድንጋዩ ከሕያው የባሕር ዐለት ላይ የተነሳ መሆኑ ጥያቄ ያስነሳል፡፡ በፍሎሪዳ አካባቢ ባለው የአሜሪካ ፌደራል የባሕር ክልል ከተፈጥሮ ዐለት ላይ እየነቀሉ መሸጥ እ.ኤ.አ. በ1997 ቀርቷል፡፡ ዛሬ ከዚያ የሚመጣው ሕያው ድንጋይ አምራቾች ከየብስ ፈልጠው፣ በተፈቀደላቸው የባሕር ወለል ላይ አስቀምጠው ሕይወት እስኪለብስ የጠበቁት ነው፡፡ ጠንካራ ኮራሎች ዓለም አቀፉን የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ የገቡ በመሆናቸው ከአገር አገር ሲሻገሩ ፈቃድ ይጠይቃሉ፡፡ በቀይ ባሕርም ሆነ በገልፍ ዳርቻ ለሽርሽር የሄደ ሰው "ትንሽ ድንጋይ ብይዝ ምን አለበት?" ብሎ እጁን ባይሰድ ይሻለዋል፤ በብዙ አገሮች በሕግ ያስጠይቃል፡፡

ሁለተኛው ደረቅ ድንጋይ ነው፡፡ ከጥንት ዘመን የባሕር ዐለት፣ ዛሬ የብስ ከሆነ ቦታ የሚፈለጥ ነው፡፡ ርካሽ ነው፤ ተባይ የለበትም፤ ሕያው ዐለት አይነካም፡፡ ጉድለቱ ባዶ ቤት መሆኑ ነው፡፡ ነዋሪዎቹ እስኪገቡበት ወራት ይፈጃል፡፡ አንዳንዱም በውስጡ ፎስፌት አምቆ ስለሚመጣ አልጌ ያፈላል፡፡ ስለዚህ ገንዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በበርሜል የጨው ውኃ፣ በጨለማ፣ ውኃው በፓምፕ እየተዘዋወረና እየተቀየረ ለጥቂት ሳምንታት ቢቆይና ፎስፌቱ ቢለካ ይመረጣል፡፡

ሦስተኛው ሰው ሠራሽ ነው፡፡ ከሸክላ የተተኮሰው አስተማማኝ ነው፡፡ ከሲሚንቶ የተሠራው ግን ጥሬውን ከገባ የውኃውን ፒኤች ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል፡፡ ንጹሕ ውኃ ውስጥ እየተዘፈዘፈ፣ ውኃው እየተለወጠ፣ ፒኤቹ እስኪረጋጋ ለሳምንታት መጠበቅ ግድ ነው፡፡

የእኔ ምርጫ ቅልቅል ነው፡፡ አብዛኛውን ደረቅ ድንጋይ አድርጎ ምንጩ ከታወቀ ሕያው ድንጋይ ሁለት ሦስት ኪሎ ለእርሾ መጨመር፡፡ ሊጥ በእርሾ እንደሚነሳ ሁሉ ደረቁ ድንጋይም ከሕያው ጎረቤቱ ሕይወት ይቀበላል፡፡ መጠኑ ለአንድ ሊትር ውኃ 100 ግራም ገደማ ቢሆን ይበቃል፤ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ከሆነ ከዚያም ያንሳል፡፡

ማን የት ይቀመጥ?

ይህ ሁሉ ከተወሰነ በኋላ ነው የኮራሉ ተራ የሚመጣው፡፡ አክሮፖራና ሌሎች ቅርንጫፋማ ኮራሎች ከድንጋዩ አናት፣ ብርሃንና ፍሰት ከሚበዛበት ቦታ በማጣበቂያ ይተከላሉ፡፡ ዩፊሊያ የሚባሉት ረጃጅም ጣት ያላቸው ደግሞ በድንጋዩ ወገብ ላይ፣ ጎረቤት እንዳይነድፉ በዙሪያቸው ክፍት ቦታ ተትቶላቸው ቢቀመጡ ይስማማቸዋል፡፡ ትራኪፊሊያና ፈንጂያ አሸዋ ላይ ይቀመጡ፡፡ እነሱን ሻካራ ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ ውኃ ጠጥቶ የሚያብጠው ሥጋቸው ከድንጋዩ ጋር እየተፋተገ ይቆስላል፡፡ ዜንያና አረንጓዴ ኮከብ ፖሊፕ የሚባሉት ለስላሳ ኮራሎች ያገኙትን ድንጋይ ሁሉ እየለበሱ ስለሚሄዱ ከዋናው ድንጋይ ተነጥሎ በአሸዋ በተከበበ የራሳቸው ደሴት ላይ ቢወሰኑ ይበጃል፡፡

ድንጋዩ የሚደረደረውም በአሸዋው ላይ ሳይሆን በገንዳው መስተዋት ላይ ነው፡፡ አሸዋው በኋላ በዙሪያው ይፈስሳል፡፡ በቀይ ባሕር ጭምር የሚታወቁት፣ በአንድ ጉድጓድ አብረው የሚኖሩት የጎቢ ዓሣና ተኳሽ ሽሪምፕ ከድንጋይ ሥር መቆፈር ሥራቸው ነው፡፡ አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ አንድ ሌሊት ተንዶ ኮራሉን ሊደፈጥጥ፣ መስተዋቱንም ሊሰነጥቅ ይችላል፡፡

ስለ ደኅንነትም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፡፡ ዞአንቲድ የሚባሉ፣ እንደ ትናንሽ አዝራር በድንጋይ ላይ የሚበቅሉ ውብ ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ብርቱ መርዝ አላቸው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ባለው ጊዜ በአላስካ በመደብርና በቤት ውስጥ እነዚህን ኮራሎች ሲነካኩ የነበሩ ሰዎች በመርዙ ሳይታመሙ እንዳልቀሩ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ዘግቧል፡፡ ስለዚህ ድንጋይ ስትነኩ ጓንትና መነጽር አድርጉ፡፡ "ተባዩን ልግደል" ብላችሁ ከባሕር የመጣ ድንጋይ በፈላ ውኃ አትቀቅሉ፤ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል፡፡ እንዲህ ያለውን ድንጋይ በደረቁ በብሩሽ መፈግፈግም እንዲሁ አደገኛ ነው፡፡

መጠበቅ

ድንጋዩ ቆሞ፣ አሸዋው ታጥቦ ገብቶ፣ ውኃው ከሞላ በኋላ የሚቀረው ከሁሉም ከባዱ ነገር ነው፡፡ መጠበቅ፡፡ ባክቴሪያዎቹ እስኪደራጁ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፡፡ አሞኒያና ናይትራይት በመለኪያ ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ ባዶ ገንዳ ማየት ግድ ነው፡፡ ከዚያም ቡናማ አቧራ የመሰለ አልጌ አሸዋውን ይለብሰዋል፡፡ ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ደንግጦ መድኃኒት ይጨምራል፡፡ አያስፈልግም፤ በአብዛኛው በራሱ ጊዜ ይሄዳል፡፡ በደረቅ ድንጋይ የተጀመረ ገንዳ ላይ እንደ አክሮፖራ ያሉትን ጠባየ ስስ ኮራሎች ለማስገባት ወራት መታገስ ይሻላል፡፡

የአሁኑ ገንዳዬ ወለል ሦስት ሴንቲ ሜትር አራጎናይት፣ ሃያ ኪሎ ድንጋይ ነው፡፡ የመጀመሪያውን ኮራል ያስገባሁት በሦስተኛው ወር ነው፡፡ በእነዚያ ሦስት ወራት ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ "ዓሣው የት አለ?" እያለ ይስቅብኝ ነበር፡፡

አክስቴ ወደ አገር ቤት ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው እንቅልፍ አልወስዳቸው ብሎ ሌሊት ሳሎን ተቀምጠው አገኘኋቸው፡፡ የገንዳው መብራት ጠፍቷል፡፡ ትንሽ ቀይ ባትሪ አምጥቼ ድንጋዩ ላይ አበራሁላቸው፡፡ ከየቀዳዳው የፀጉር ያህል የቀጠኑ ትሎች ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ሽሪምፕ መሰል ነፍሳት ይራወጣሉ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ከአሸዋው ወጥተው ይሄዳሉ፡፡ ጥቂት ቆይተው ቀና አሉና "ለካስ ሰፈር ነው" አሉኝ፡፡

ስለ ዋጋው ድጋሚ አላነሱም፡፡